ጆሮ የሌለው መሪጌታ

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በዚህ ዓምድ አዘውትሬ የማነሣላችሁ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መሥሪያ ቤት ኑሮ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለ ድምፅ ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ። ድምፅ ማለቴ የዘፋኝን ጉሮሮ አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ በቁጥር ተሠርቶ ስለሚወጣው ድምፅ፣ ይህንንም ድምፅ ለመቅረጽ ሰዎች አሁን አሁን ምክር ስለሚጠይቁት፣ ቻትቦት ስለሚባለው ተናጋሪ መኪና ማለቴ ነው። «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ እናንተ እል ነበር።

ነገሩን ያመጣብኝ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። የማስተምረው ፊዚክስ ሲሆን የምኖረው ቡሌ ነው። ቡሌን ለማያውቃት፣ ከዲላ ተነሥታችሁ የቡናውን አገር ከኋላችሁ ጥላችሁ ሽቅብ ስትወጡ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ እንሰቱና ገብሱ፣ ቀርከሃውም እየታየ የሚሄድበት የጌዴኦ ደጋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ብርዱን ግን አብሮ መዝግቦ የተረከበን የለም። ከቀትር በኋላ ጉሙ ሲወርድ መስኮቱ ከጠመኔው ይልቅ ነጭ ይሆናል።

እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ቀን ትምህርት አልቆ መጻሕፍቴን ስሰበስብ ልጁ ቀረብ ብሎ፣

«ቲቸር፣ የዋሽንት ድምፅ በላፕቶፕ መሥራት ይቻላል?» አለኝ። (ቲቸር የሚለውን ቃል አልወደውም፤ ነገር ግን ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚጠራን በዚህ ነውና ተቀብየዋለሁ።)

«ቀርከሃ በሞላበት አገር ለዋሽንት ላፕቶፕ ምን ያደርግልሃል?» አልሁት።

«አያቴ መንፋት ትተዋል። የፊት ጥርሳቸው ወልቋል፣ ትንፋሻቸውም አጥሯል። እኔ ገና አልቻልኩበትም። ለወላጆች ቀን በምናሳየው ቲያትር ላይ ደግሞ የእርሳቸው ዜማ እንዲገባ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

ቃል የገባ ልጅ እንዴት ይመለሳል? በዚያው ሳምንት አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ፊት ለፊት ሁለታችን ተቀመጥን።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልንገራችሁ። ሲንተሳይዘር የሚባለው ነገር ከውጭ የማይቀዳ፣ ድምፅን ከምንም ተነሥቶ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ዱሮ ራሱን የቻለ ከባድ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን በኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሆኗል። ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ለምሳሌ ያለ አንዳች ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ቫይታል የሚባለውም የነፃ ዓይነት አለው። አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት ስለማያሻቸው ለእንደኛ ያለ አገር የተመቹ ናቸው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል አለ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ፊልተር የሚባል ወንፊት አለ፤ ወንፊቱ ከሞገዱ ውስጥ ሻካራውን ወይም ልሙን ያጣራል። ከዚያም ድምፁ እንዴት እንደሚጀምር፣ እንዴት እንደሚረግብ፣ ምን ያህል እንደሚጸና፣ ጣት ከቁልፉ ሲነሣ እንዴት እንደሚሞት የሚወስኑ ማዞሪያዎች አሉ። ይህን ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል። ፕሮግራሙን ስትከፍቱት ግን እንደ አውሮፕላን መሪ ክፍል ነው፤ ማዞሪያው ከመቶ ያልፋል፣ በእያንዳንዱም ላይ የተጻፈው ስም ለጀማሪ እንቆቅልሽ ነው።

ቻትቦቱ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተባለ የሚጠራው ይህ መኪና ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ተመግቦ፣ ከአንድ ቃል በኋላ የትኛው ቃል ሊከተል እንደሚገባ መገመትን የተማረ ነው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ተማሪ ሁሉ የቤት ሥራውን እንደሚያሠራው እኔ መምህሩ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል! የሲንተሳይዘር መመሪያዎችና የድምፅ ባለሙያዎች ጽሑፎችም ከምግቡ መካከል ስለ ነበሩ፣ «እንዲህ ያለ ድምፅ እፈልጋለሁ» ብትሉት ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ተማሪዬ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዋሽንት ድምፅ ለመሥራት ማዞሪያዎቹን ንገረኝ» ብሎ ጻፈለት። መልሱ ምራቅ ሳይዋጥ መጣ፤ የተደላደለ፣ በተራ ቁጥር የተሰደረ፣ አንዳችም ጥርጥር የሌለበት። ከጠራቸው ማዞሪያዎች ሁለቱ ግን እኛ ፕሮግራም ላይ ፈጽሞ የሉም። ይህንኑ ብንነግረው እጅግ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀና ሌላ ሁለት ሰጠን። ከእነርሱም አንዱ አልነበረም። ትሕትናው ጥሩ ነው፤ በዚህ ጠባዩ በብዙ መሥሪያ ቤት ቶሎ የደረጃ ዕድገት ያገኝ ነበር።

የሆነ ሆኖ ያሉትን አስተካክለን ቁልፉን ስንጫን ዋሽንት የሚመስል ነገር ወጣ። ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ያማረ። ልጁ በደስታ ተነሥቶ ቆመ። እኔ ግን የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ያ ድምፅ በአውሮፓ ኦርኬስትራ ውስጥ ከብር የተሠራውን ፍሉት በፊቷ የያዘች ሴት የምታሰማው እንጂ፣ ከብት ጠባቂ በገደል አፋፍ ላይ ቀርከሃውን በጎን አዘንብሎ የሚነፋው አልነበረም። ስሙ ዋሽንት ነው፤ ነፍሱ የሌላ ነው።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት አስማት አያሻም። መኪናው ዋሽንትን ሰምቶ አያውቅም። ስለ ዋሽንት የተጻፈውን ነው ያነበበው፤ የተጻፈውም ጥቂት ነው። ስለ ፍሉት ግን እልፍ መጽሐፍ አለ። ስለዚህ የጎደለውን ባለው ሞላው። ስለ በገና ብንጠይቀውም እንደዚሁ ሆነ። አሥር አውታር እንዳለው በትክክል ነገረን፤ የሰጠን ድምፅ ግን የፈረንጅ ሃርፕ ነበር። በአውታሩና በድልድዩ መካከል ገብቶ ያንን የሚንዘረዘር፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ የሚፈጥረውን እንዝራ የሚባለውን ቁራጭ ቆዳ አላሰበውም። እንዝራው የሌለው በገና ምን በገና ነው?

የዜማ ተማሪ ቤት ያየ ሰው ይህን ነገር ቶሎ ይረዳዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክትን እንደ ሠሩ ይነገራል። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ምልክት ግን ለማያውቅ ሰው ዜማውን አያስተምረውም፤ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ያጠናውን ያስታውሰዋል እንጂ። ምልክቱን ሁሉ በቃሉ የያዘ፣ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ዜማ ሰምቶ የማያውቅ መሪጌታ ቢኖር ምን ይመስላችኋል? ቻትቦቱ እርሱን ነው። ዕውቀቱን አላቃልልም፤ የማዞሪያዎቹን ሥራ እኔ በአንድ ወር የማልጨርሰውን በአንድ ደቂቃ ያብራራል። ጆሮ ግን የለውም።

ደግሞም የዚህ ዕደ ጥበብ ታሪክ ራሱ የጆሮ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ የሚባል የሙዚቃ ሰው በኮምፒዩተር የድምፅን መርገብገብ ይመረምር ነበር። ዘፋኝ ድምፁን ሲያርገበግብ በሰከንድ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ያህል ነው። ቻውኒንግ ግን ፍጥነቱን እየጨመረ እየጨመረ ሲሄድ፣ አንድ ቦታ ላይ ጆሮው መርገብገቡን መስማት ተወና ፈጽሞ አዲስ የድምፅ ቀለም ሰማ። አንዱ ሞገድ ሌላውን በፍጥነት ሲያናውጠው ደወልም፣ ጥሩምባም፣ እንጨትም የሚመስል ነገር ይወጣል። ሒሳቡን የመረመረው ኋላ ነው፤ አስቀድሞ ያገኘው ጆሮው ነው። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ይህን ዘዴ በፈቃድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤክስ ሰባት የሚባለውን ኪቦርድ አወጣ። ስድስት ሞገድ አመንጪዎች፣ እነርሱም የሚሰናሰሉባቸው 32 መንገዶች ነበሩት፤ ማዞሪያ ግን የለውም፣ ሁሉም ነገር በአንዲት ጠባብ መስኮት እየታየ በቁልፍ ይጻፋል። ከዚህ የተነሣ አብዛኛው የገዛው ሰው አዲስ ድምፅ መሥራቱን ፈርቶ ፋብሪካው በሰጠው ድምፅ ብቻ ኖረ።

ይህ መሣሪያ ከእኛም ሰው እጅ ገብቷል። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ በልጅነታቸው የለመዱትን አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ይህንኑ ዲኤክስ ሰባትና ከበሮ የሚመታ መኪና ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ፤ «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ነው። ካሴቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በባሕር ዳር በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ተደነቀ። በመካከሉ አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስም ከመኪናቸው የዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዲኤክስ ሰባት ለትዝታና ለአምባሰል ተብሎ የተሠራ አይደለም። የሚያማክራቸው መኪናም አልነበራቸውም። እርሳቸው ግን ድምፁን በኢትዮጵያዊ ጆሮ እየለኩ የራሳቸው አደረጉት። ከእርሳቸው ኋላም እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያሉ ወጣቶች በአዲስ አበባ ኮምፒዩተራቸውን ከአገር ቤት ድምፆች ጋር አጋብተዋል፤ የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። ሥራቸውን ያልሰማችሁ ፈልጋችሁ ብትሰሙ አትጸጸቱም።

ወደ ቡሌ ልመለስ።

ቅዳሜ ላፕቶፑን በጀርባ ቦርሳ ይዘን ወደ ልጁ አያት ቤት ወጣን። ሽማግሌው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተሰጣጥተን፣ ቡናው እስኪደርስ የመጣንበትን ነገርናቸው። የላፕቶፑ ድምፅ ደካማ ስለ ሆነ ልጁ ማዳመጫውን በአንድ ጆሯቸው ላይ አኖረላቸውና የሠራነውን ድምፅ አጫወተላቸው። እርሳቸው ፊታቸውን ሳይለውጡ ሰሙ። ረዘም ላለ ጊዜ ሰሙ። ከዚያም በጌዴኡፋ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጁ አፍሮ ዝም አለ።

«ምን አሉ?» አልሁት።

«ይህ ሰውዬ የሚተነፍሰው መቼ ነው? አሉ።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስለ ሞገድ ተምሬያለሁ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኛ ቁልፉን ተጭነን እስክንለቀው ድረስ ድምፁ ይኖራል፤ ሲለቀቅ ሌላው ይቀጥላል። የሚነፋ ሰው ግን ይደክማል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከትንፋሹ በፊት ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ከትንፋሹ በኋላ በርትቶ ይነሣል። መኪናው ይህን ያልነገረን ስላልጠየቅነው ነው። እኛም ያልጠየቅነው የመሣሪያውን ስም ጠርተን ነገሩን የጨረስን ስለ መሰለን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አጠያየቃችንን ለወጥን። «ዋሽንት» የሚለውን ቃል ጨርሶ ተውነው። በምትኩ አያትየው እየነገሩን፣ ልጁ እየተረጎመ፣ እኔ እየጻፍሁ እንዲህ አልነው፦ ድምፁ በድንገት አይጀምር፤ መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ። ከትንፋሹ ቀጥሎ ድምፁ ከቦታው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይነሣና ወደ ቦታው ይውጣ። ከመነሻው አይርገብግብ፤ ጥቂት ከጸና በኋላ ይርገብግብ። ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሹ ይቅጠን፣ ወደ ታች ሲወርድ ይወፍር። በርትቶ ሲነፋ ይሻክር።

በዚህ ጊዜ የመጣው መልስ ከፊተኛው ጋር ሰማይና ምድር ነበር። የነፋስ ሹክሹክታ የመሰለውን ድምፅ ከሚያመነጨው ክፍል ጥቂት ወስደን በወንፊት እንድናሳልፈው፣ ወንፊቱም ቁልፉ ወደ ላይ ሲሄድ አብሮ እንዲንቀሳቀስ አዘዘን። የድምፁ መነሻ 70 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንዲወስድ፣ ቁመቱም በዚያው ጊዜ ውስጥ ከታች ተነሥቶ እንዲደርስ፣ መርገብገቡ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ በሰከንድ አምስት ጊዜ እንዲሆን ነገረን። ለትንፋሹም አንድ ዝግ ያለ ሞገድ ጨምሮ ድምፁ በየጥቂት ሰከንዱ እንዲደክምና እንዲበረታ አደረገ። በዚህ ላይ ልጁ ራሱ አንድ ብልሃት ጨመረ፤ ዜማውን ሲቀዳ አያቱ ትንፋሽ በሚወስዱበት ቦታ ሁሉ ጣቱን ያነሣል። ይህን መኪናው አላስተማረውም።

የሚሞክር ቢኖር ምክሬ ይኸው ነው። ማሲንቆ ከሆነ የምትፈልጉት፣ «ማሲንቆ» ብላችሁ አትተዉት። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲጎተት ምን እንደሚሆን ንገሩት፤ ጣት አውታሩን ከጣውላ ጋር ሳያጣብቀው ከጎን ሲነካው ድምፁ እንዴት እንደሚንሸራተት ንገሩት። ክራር ከሆነ አውታሩ የጅማት ይሁን የናይለን፣ በጣት ይነካ ወይስ ይመታ፣ ከእንጨት ሳሕን ላይ ይሁን ከቆዳ፣ ሁሉን ንገሩት። በአማርኛ ብትጽፉለት ይገባዋል፤ የማዞሪያዎቹን ስም በአማርኛ ሲጽፍ ግን እየተደናበረ ስለሚያስቸግር እኛ ጥያቄውን በሁለቱም ቋንቋ እንጽፋለን። ልጁ በጌዴኡፋ ሞክሮት የመለሰውን ለአያቱ ቢያነብላቸው ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሌላም ትልቅ ነገር ነበር፤ እርሱም ቅኝት ነው። መኪናውን ስለ ትዝታ ብትጠይቁት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይላችኋል፤ ለፒያኖ ትክክል ነው። ነገር ግን ፒያኖ ኦክታቩን በአሥራ ሁለት እኩል ደረጃ የከፈለ መሣሪያ ነው፤ ዋሽንት የሠራው ሰው ደግሞ ቀዳዳውን የበሳው በጣቱና በጆሮው ለክቶ ነው። እንግዲህ የአያትየው ዋሽንት ራሱ ስላለ እርሱን ለመለካት ወሰንን። አራት ቀዳዳ አለው፤ ልጁ እያንዳንዱን እየከፈተ ይነፋል፣ የስልኩ መለኪያ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደ ተርገበገበ ያሳያል፣ እኔ እጽፋለሁ።

በዚህ ላይ ሎጋሪዝም ገባ። ሎጋሪዝም ለምን እንደምትማሩ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሱ እነሆ። የሁለት ድምፆችን ርቀት ለማወቅ አንዱን ለአንዱ አካፍላችሁ፣ ውጤቱን መሠረቱ ሁለት በሆነ ሎጋሪዝም ለክታችሁ፣ በ1200 ታበዛላችሁ። የፒያኖ አንዱ ደረጃ 100 ነው። 440ንና 660ን ብትወስዱ ርቀታቸው 702 ይሆናል፤ በፒያኖ ላይ የሚቀርበው ግን 700 ነው። ሁለት ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ጆሮም አይጎዳም። በእኛ ዋሽንት ግን ሦስተኛው ድምፅ ከሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ወድቆ አገኘነው፤ የትኛውንም ብትጫኑ እርሱን አታገኙትም። ሰርጅ ኤክስቲ ስካላ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ከተሰጠው ቁልፎቹን በፈለጋችሁት ርቀት ያስተካክላል። ፋይሉን ቻትቦቱ በአንድ ትንፋሽ ጻፈልን። አንዱን ስሌት ግን ተሳስቶ ስለ ነበር በካልኩሌተር አረምነው። አመኑኝ፣ ቁጥር ሲሰጣችሁ ሳትመረምሩ አትቀበሉት። ሰኞ ዕለት ይህንኑ ስሌት ለክፍሉ ብሰጥ በሞገድ ትምህርት ላይ ሁልጊዜ የሚያንቀላፉት ሁለቱ ልጆች ነቅተው ዋሉ።

አሁን ደግሞ ያሳሰበኝን ነገር ልንገራችሁ። የሙዚቃ ሰዎች ይህ መኪና እንጀራችንን ይቀማናል ይላሉ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው። የመጀመሪያው ያማረ ድምፅ በወጣ ቀን ልጁ «እንግዲህ መንፋት መማር አያስፈልገኝም ማለት ነው» ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። የረዳሁት መስሎኝ ከአያቱ የሚወርሰውን አንዱን ነገር እያስጣልሁት ይሆን? ዋሽንት የሚነፋ ሽማግሌ ጥርሱ ሲወልቅ ዝም ይላል፤ የልጅ ልጁም ማዞሪያ ብቻ ከተማረ ዝምታው ለዘለዓለም ነው። ከዚያም ነገ አንድ ልጅ በአዋሳ ወይም በዋሽንግተን «የጌዴኦ ዋሽንት ስጠኝ» ሲል ያ ልሙጥ ፍሉት ይሰጠዋል፤ ልጁም ዋሽንት እንዲህ ነው ብሎ ያምናል። ያልተጻፈና ያልተቀዳ ነገር ለዚህ መኪና የለም ማለት ነው፤ በሌለው ምትክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ያስቀምጣል እንጂ «አላውቅም» አይልም። በወረዳ መሥሪያ ቤት ተቀምጣችሁ ይህን የምታነቡ ወጣት ሠራተኞች፣ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ለመስክ ሥራ ስትወጡ የሚነፋ ወይም የሚመታ ሽማግሌ ካገኛችሁ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ቅዱ፤ ስማቸውንና ቀኑን ጻፉበት። ለዚህ ሰርኩላር መጠበቅ አያስፈልግም።

አያትየውም ጭንቀቴን የገመቱ ይመስል፣ በሁለተኛው ጉዟችን የልጅ ልጃቸውን «ዋሽንት የሚማረው ይኸ ዕቃ ነው ወይስ አንተ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አልመለሰም። ነገር ግን አንድ ያላሰብነው ነገር ሆኗል። ቀዳዳዎቹን ለመለካት እያንዳንዱን ድምፅ ሳያወላውል ለአምስት ሰከንድ መያዝ ነበረበት፤ ቢያወላውል የስልኩ መለኪያ ቁጥሩን ስለሚያዘልለው እንደገና አስነፋዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ ሲነፋ ሰነበተ። በመጀመሪያ ድምፁ እንደ ፉጨት እየተቆራረጠ ያስቀን ነበር። ባለፈው ረቡዕ ግን ከመምህራን ክፍል ሆኜ የሰማሁት ላፕቶፑ ነው ብዬ ስወጣ ልጁ ራሱ ከቀርከሃው ጋር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አሁን የሚለው መግቢያውን እርሱ ራሱ ሊነፋ፣ ረጅሙን ዜማ ደግሞ መኪናው እንዲይዝለት ነው። ተስማምተናል።

ትናንት የተስተካከለውን ድምፅ ይዘን ለሦስተኛ ጊዜ ወጣን። ዝናብ ነበር፤ መብራትም ጠፍቶ ስለ ነበር ባትሪው ሳያልቅ ለመድረስ ተጣደፍን። ሽማግሌው ማዳመጫውን በራሳቸው እጅ ተቀብለው በጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ዜማው ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቻቸው በበትሩ ላይ መነሣትና መውደቅ ጀመሩ፤ አንዱ ይነሣል፣ አንዱ ይከድናል። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ሲደርስ ትከሻቸው ከፍ አለ። ልጁና እኔ ተያየን፤ አንዳችንም አልተናገርንም።

ዜማው ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቀው ለልጁ ሰጡትና ያ የታችኛው ድምፅ ደርቋል አሉ። ከዚያም ቀና ብለው፣ ስትለኩት ዋሽንቱን ውኃ አጠጥታችሁት ነበር? ብለው ጠየቁን።

አላጠጣነውም። ቀርከሃው ለወራት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ነው፤ እንዳለ አውርደን ነው የነፋነው። ውኃ ጠጥቶ ካልረጠበ ድምፁ እንደማይጸና ለእርሳቸው የማይነገር፣ የታወቀ ነገር ነበር፤ ቻትቦቱም ስለ ውኃው አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እኔም የፊዚክስ መምህሩ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ቁጥሮቹን ሁሉ ሰርዘናል። የፊታችን ቅዳሜ ዋሽንቱን ከሌሊት ጀምሮ ውኃ ውስጥ አሳድረን እንደ አዲስ እንለካለን። ለወላጆች ቀን አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል።